ዛፏ ለምን ሳታብብ ቆየች?

(በማኅበራችን የ2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው። የቁጠባውንና የተዘዋዋሪ ብድሩን ነገር ከምሳ በኋላ መስመር በመስመር እናየዋለን። አሁን የምንናገረው ገጽ 9 ላይ በአንዲት መስመር ስለሰፈረችው፣ አምና ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ስላከራከረችን የግቢያችን የአቮካዶ ዛፍ ነው። «ትቆረጥ» «አትቆረጥ» ተባብለን፣ በ37 ለ34 ድምፅ የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጥታችኋት፣ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቁማችሁ ነበር። ዓመቱ ሞልቷል። ኮሚቴው የሠራውንና ያየውን እንድናቀርብ ታዘን ቆመናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ጥፋት እናምናለን። ይህ በተለይ ለደጋፊዎቻችን ነው። ከ2010 እስከ 2015 ዓ.ም. የላክንላችሁን ስድስት ዓመታዊ ሪፖርቶች አውጥተን አነበብናቸው። በስድስቱም ውስጥ «በግቢያችን የተተከለው አቮካዶ በቅርቡ ፍሬ መስጠት ስለሚጀምር ለማኅበሩ ተጨማሪ የገቢ ምንጭ ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ቃል በቃል አንድ ነው። ከአምናው ሪፖርት እየቀዳን ለዘንድሮው ስናስገባ ኖረናል ማለት ነው። ከቢሮ ወጥቶ ዛፏን ቀና ብሎ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ አበባ የሚባል ነገር በላይዋ እንደሌለ ይጽፍላችሁ ነበር። ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አዲስ አባላት ታሪኩን ስለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ማኅበሩ እዚህ ባሕር ዳር ይህን ግቢ የተረከበው በ2005 ዓ.ም. ነው። ለምርቃቱ ከገበያ አቮካዶ ተገዝቶ ጭማቂ ተሠራ። ያን ጊዜ ሊቀመንበር የነበሩት እናታችን ዘሩ አይጣልም ብለው አጠቡት፣ በጥቁር ፕላስቲክ አፈር ሞልተው ተከሉት። 12 በቀሉ። አንዷን እዚህ ተከሉ፣ 11ዱን ለአባላት አደሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ዛፍ ብቻ አይደለም። ከመካከላችሁ «የእኔስ ምን ሆና ነው?» የምትሉ ስላላችሁ ነው ነገሩን ዘርዘር የምናደርገው።

አምና ይቆረጥ ያሉት ስድስቱ እኅቶቻችን ክፋት አልነበረባቸውም። በመንገድ ዳር በጃንጥላ ሥር እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ ናቸው፤ ዛፏ ባለችበት ቦታ ትንሽ ሱቅ እንዲሠራላቸው ነው የጠየቁት። ደግሞ ከሁሉ ያስደነገጠን ዛፏን የተከሉት እናታችን ራሳቸው ተነሥተው «እኔ ስለተከልኳት ብላችሁ አትሳሱላት። ዛፍ ለፍሬ ነው፤ ጥላማ ቆርቆሮም ይሰጣል» ማለታቸው ነበር። ዛሬም እነሆ ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። እማማ፣ ቃልዎን አልጨመርንም አልቀነስንም።

ኮሚቴው ሥራውን የጀመረው ዛፏን በመመርመር አይደለም፤ 11ዱን ቤቶች በመዞር ነው። ሁለቱ ገና በችግኝነታቸው ደርቀዋል። ሦስቱ ተቆርጠዋል። ከቀሩት ስድስት መካከል አምስቱ እንደ እኛዋ ቅጠላቸው ያማረ፣ ግንዳቸው የወፈረ፣ አበባ ግን ያላዩ ናቸው። አንዷ ብቻ አፍርታለች፤ እሷም በሰባተኛ ዓመቷ ነው የጀመረችው። የዚያች ባለቤት እኅታችን ለማሳየት እንኳ አፍራ ነበር። «እኔማ አልተንከባከብኳትም፤ ውሃም አላጠጣኋት» አለችን። ዛፏ ከአጥሩ ጥግ፣ ድንጋይ የበዛበት መሬት ላይ፣ ፀሐይ ከጧት እስከ ማታ የሚያገኛት ቦታ ናት። ማዳበሪያ አይታ አታውቅም። መጋዝም ነክቷት አያውቅም።

ከዚያ ተመልሰን የራሳችንን መዝገብ ገለጥን። የሒሳብ ሰው ሲቸግረው ወደ ደረሰኝ ነው የሚሮጠው። ከ2008 እስከ 2016 ዓ.ም. ለዩሪያ፣ ለውሃና ለከርካሚ የከፈልነው 14,320 ብር ነው። በየክረምቱ ለዛፏ ዩሪያ ተገዝቷል። በበጋ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ውሃ ተደፍቶላታል። የኩሽናው እጣቢም ወደ ሥሯ እንዲፈስ ቦይ ተቆፍሮ ነበር። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ አናቷ የመብራቱን ሽቦ እንዳይነካ ተብሎ በየዓመቱ ሰው ተቀጥሮ ጫፏን ሲያወርደው ኖሯል። ይህን ሁሉ ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን የግብርና ባለሙያ ጠርተን አሳየናቸው። እሳቸውም ደረሰኞቹን እንደ ሐኪም ካርድ አንድ በአንድ አነበቡና ሳቁ። ከዚያ በኋላ የነገሩንን፣ እኛም በዓመቱ ውስጥ በዓይናችን ያየነውን ነው የምናካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ነገር ዕድሜ ነው። ከዘር የበቀለ ዛፍ እንደ ሰው ልጅ የልጅነት ዘመን አለው። በዚያ ዘመን ምንም ብታደርጉለት አያብብም፤ ማደግ ብቻ ነው ሥራው። አቮካዶ ከዘር ሲበቅል ለማፍራት ከ5 እስከ 15 ዓመት ሊወስድበት ይችላል። ማንጎም ከዘር ከሆነ ዓመታት ያስጠብቃል። በግራፍቲንግ የተዳቀለ ችግኝ ግን በሦስትና በአራት ዓመቱ ያፈራል። ለምን ቢባል፣ የተቀጠለው ቅርንጫፍ የተቆረጠው ካፈራ ዛፍ ስለሆነ ነው። ቅርንጫፍ ዕድሜውን ይዞ ይሄዳል። ትንሽ ችግኝ ላይ ቢቀጠልም ልጅነቱን ጨርሶ የመጣ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሰማነው ነው እንቅልፍ የነሳን። ከዘር የበቀለ ዛፍ የሚበስለው ከታች ሳይሆን ከላይ ነው። ግንዱ ሥር ያለው ክፍል ሁሌም ልጅ ነው፤ ለአቅመ አበባ የሚደርሰው ከዘሩ ርቆ የሄደው ጫፍ ነው። እኛ ደግሞ በየዓመቱ ገንዘብ ከፍለን ስናስቆርጥ የኖርነው ያንኑ ጫፍ ነው! ሊደርስ ሲል እየቀጨን፣ ከታች አዲስ ልጅ ቅርንጫፍ ሲያወጣ «እንዴት አምሮባታል» እያልን። በሰባት ዓመት ሰባት ጊዜ ወደ ልጅነቷ መልሰናታል። ቤታችሁ ዛፍ ያላችሁ ይህን አደራ ያዙ፦ ገና ያላበበ የዘር ዛፍ አናቱ አይነካም። የደረቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ከውስጥ ማውጣት በቂ ነው፤ ብርሃንም ይገባለታል።

ሁለተኛው ጥጋብ ነው። ዩሪያ ለቅጠል ነው። በቆሎ ላይ ብትበትኑት ደስ ይላል፤ ያላበበ ዛፍ ሥር ግን በየጊዜው ቢጨመር ዛፉ ቅጠልና ቅርንጫፍ ሲያበዛ ይኖራል። ውሃውም እንዲሁ ነው። አቮካዶና ማንጎ ለማበብ የሚነሣሡት ብርድ ሲሰማቸውና እድገታቸው ለጥቂት ሳምንታት ጋብ ሲል ነው። በእኛ አገር ይህ የሚሆነው ክረምቱ ወጥቶ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። እኛ ግን በዚያው ወቅት በየማለዳው ሁለት ጀሪካን እየደፋን ዕረፍት ነሳናት። እጣቢው ደግሞ የባሰ ነው፤ ሳሙናና ጨው አለበት፣ አቮካዶ ጨው አይወድም። ሥሩም ከመሬቱ ገጽ ብዙ ስለማይርቅ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። እንዲያውም ባለሙያው የገረማቸው አለማበቧ ሳይሆን እስከ ዛሬ አለመሞቷ ነው።

እንዳትሳሳቱ፣ ዛፍ ይጠማ እያልን አይደለም። ቅጠሉ ጠውልጎ እስኪወርድ ከተተወ አበባውም አይመጣም፤ የመጣውም ይረግፋል። እኛ ያደረግነው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ በአሥር ቀን አንዴ ማጠጣት ነው። እንቡጥ እንደታየ ወደ መደበኛው ተመለስን። ዩሪያውን ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ አቁመናል። ቦዩን ደፍነነዋል። በአናቷ ፈንታ ወደ ሽቦው ያዘነበለውን አንድ ጎን ብቻ አስነሥተን፣ በሌላው ጎን ጫፏ እንደ ልቧ እንዲያድግ ለቀቅናት።

በዚህ መካከል ከአባሎቻችን አንዲት እናት «አባቴ እንቢ ያለ ዛፍ ላይ ምስማር ይመቱ ነበር» ብለው መዶሻ ይዘው መጥተው ነበር። ሳቅንባቸው፤ ባለሙያው ግን አልሳቁም። ምስማሩ ራሱ እምብዛም አይረዳም፤ ከኋላው ያለው ሐሳብ ግን እውነት አለው አሉ። ዛፍ ውሃ የሚስበው በእንጨቱ ውስጥ ወደ ላይ ነው። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ደግሞ በልጡ በኩል ወደ ሥር ይወርዳል። ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ ልጡ በቀለበት መልክ ቢነሣ ውሃው ወደ ላይ መውጣቱን አያቆምም፤ ምግቡ ግን ወደ ታች መውረጃ ያጣና እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ይከማቻል። ቅርንጫፉ ዕድሜው ከደረሰ ይህ ወደ አበባ ይገፋዋል።

በጥቅምት፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከፍ ካሉት ቅርንጫፎች አንዱን መረጥን፤ እንደ ሴት ክንድ የወፈረ ነው። በአልኮል በተጠረገ ቢላ ዙሪያውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ልጥ አነሣን። እንጨቱን አልነካንም። ይህን ስናደርግ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነበር፤ ካረጀ ቂም ጋር የመታረቅ ዓይነት ስሜት ነበረው። ቁስሉ በአራት ወር ውስጥ ራሱን አገናኝቶ ድኗል።

እባካችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ ለጤነኛና ለጠንካራ ዛፍ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ቅርንጫፍ ብቻ የሚደረግ ነው። ዋናውን ግንድ ዙሪያውን የላጠች ዛፏን ገድላለች፤ ሥሩ ምግብ አጥቶ ይደርቃል። አፉን ያሰፋችም ቁስሉ አይገጥምላትም። በየዓመቱም አይደጋገምም። ቅጠሏ ቢጫ የሆነ፣ ጫፏ የሚደርቅ ዛፍ ያላት ደግሞ ከነጭራሹ አትሞክረው።

በጥር መጨረሻ አንድ ማለዳ የጥበቃ ሠራተኛችን ቢሮውን አንኳኩተው «ቅርንጫፉ ላይ የሆነ ነገር አለ» አሉን። ወጣን። ያ አንድ ቅርንጫፍ ጫፉ ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ በሆኑ ጥቃቅን አበቦች ተሞልቷል። ሌሎቹ ቅርንጫፎች ላይ አንድም የለም። ወሬው ሲዳረስ ቁጠባ የማስገቢያ ቀን ያልነበራችሁ ሁሉ መጥታችሁ እንደነበር ሳጥኑ ይመሰክራል፤ የዚያን ሳምንት ቁጠባ ከወትሮው በልጧል።

የአቮካዶ አበባ ጠባይ ይገርማል። እያንዳንዷ አበባ ሁለት ጊዜ ትከፈታለች፤ መጀመሪያ እንደ ሴት፣ በማግስቱ እንደ ወንድ። እኛ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ጠበቅናቸው። ጧት ሦስት ሰዓት ገደማ ተከፈቱ፣ ቀትር ላይ ተዘጉ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዱቄታቸውን ይዘው እንደገና ተከፈቱ። ይህ አንደኛው ዓይነት ነው፤ ሐስ የሚባለውም ዝርያ እንዲሁ ነው። ሁለተኛው ዓይነት፣ ለምሳሌ ኤቲንገር፣ ከሰዓት በኋላ በሴትነት ተከፍቶ በማግስቱ ጧት በወንድነት ይከፈታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲኖሩ የአንዱ ዱቄት ለሌላው ይደርሳል፤ ንብ ካለ። አንድ ዛፍ ብቻውን ጨርሶ አያፈራም ማለት አይደለም፤ ጎረቤት ሲኖረው ግን ይሻለዋል። አበባው ሲረግፍ ደግሞ አትደንግጡ። አንድ ትልቅ አቮካዶ እስከ ሚሊዮን የሚደርስ አበባ ሊያወጣ ይችላል፤ ፍሬ የሚሆነው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የእኛ ቅርንጫፍ አተር የሚያህሉ 60 ገደማ ፍሬዎች ይዞ ነበር። በየሳምንቱ እየቆጠርን በየሳምንቱ ቀነሱ። ትናንት ማታ የቀሩት ሰባት ናቸው፤ የዶሮ እንቁላል ያህላሉ።

አሁን የሚመጣውን ጥያቄ እናውቀዋለን፤ «ፍሬው ጣፋጭ ይሆናል?» የሚል ነው። አቮካዶ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። 12 ዘር 12 ዓይነት ፍሬ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያም ውስጥ ውሃ የሚበዛበትና ጭረት ያለው አይጠፋም። አንዳንዴ ግን ዕድል ይገጥማል። ዛሬ በዓለም ገበያ የታወቀው ሐስ ራሱ ከዘር የበቀለ ዛፍ ነበር። በካሊፎርኒያ የፖስታ ቤት ሠራተኛ የነበረው ሩዶልፍ ሐስ ዘሩን ገዝቶ ተከለ፤ ሌላ ዝርያ ሊቀጥልበት ቢሞክር ቅጥያው አልይዝ አለው። ሊቆርጠው አስቦ ተወው። ፍሬውን ልጆቹ ወደዱለት፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ያች እናት ዛፍ የሞተችው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን የምንነግራችሁ የእኛም እንዲህ ትሆናለች ለማለት አይደለም። ሐስ አንድ ነው፤ ስማቸው ሳይነሣ ማገዶ የሆኑት የዘር ዛፎች ስንት እንደሆኑ ማን ይቆጥራቸዋል።

ስለዚህ ዕድልን ብቻ አልጠበቅንም። በመጋቢት ሁለት ቅርንጫፎችን ቆርጠን ቅጥያ አስገብተንባቸዋል። ቅጥያው የመጣው መራዊ አካባቢ ካለው የአንዲት አባላችን ወንድም ማሳ ነው፤ እሱ ጋ ሐስም ኤቲንገርም አፍርተዋል። እርሳስ የሚያህሉ ቅርንጫፎችን በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል ጠቅልለን በዚያው ቀን አደረስናቸው። ባለሙያው በልጡና በእንጨቱ መካከል ሰክተው በፕላስቲክ አሰሯቸው፤ የተገለጠውን እንጨት ፀሐይ እንዳያቃጥለው ኖራ ቀባነው። የቀሩትን ቅርንጫፎች አልነካንም፤ ዛፏን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ከስምንቱ ቅጥያ አምስቱ ይዘዋል፤ ሦስቱ ከሐስ፣ ሁለቱ ከኤቲንገር። ደኅና ከሄዱ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ያፈራሉ።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ቦታውን በሜትር ለክተነዋል። አምና የታሰበው አራት በአምስት ሱቅ ከዛፏ ጋር አይኖርም። ሦስት በአራት ቢሆንና ወደ በሩ ቢጠጋ ግን ከግንዷ ሁለት ሜትር ርቆ ይቆማል። ሥሯ ከላይ ስለሆነ መሠረት አይቆፈርም፤ በእንጨት ምሰሶ ይሠራል። ስድስቱ እኅቶቻችን ጠባብ ነው ብለዋል፤ ልክ ናቸው፣ ጠባብ ነው። በፈረቃ እንጠቀምበታለን ያሉም አሉ። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ከተጠየቅን የሱቁ ኪራይ ከሰባት አቮካዶ እንደሚበልጥ ለመናገር ካልኩሌተር አያሻም። ለዚህ ነው ሱቁ ዘንድሮ ይሠራ፣ ዛፏም ትቆይ ብለን የምናቀርበው። ዛፏን በሚመለከት ቀነ ገደብ አስቀምጠናል፦ እስከ ሰኔ 2020 ዓ.ም. ከቅጥያዎቹ አንዱም ካላፈራ፣ የራሷ ቅርንጫፍ ፍሬም ሸጠን የማናፍርበት ካልሆነ፣ ያለ ክርክር ትቆረጣለች፤ ሱቁም ይሰፋል። ድምፅ የምትሰጡት ከምሳ በኋላ ነው።

በ2018 በጀት ላይ «ከአቮካዶ የሚገኝ ገቢ» በሚለው መስመር 0 ብር አስገብተናል። የወጪው መስመር ላይ ዩሪያና ከርካሚ ተሰርዘዋል፤ የቀረው የፕላስቲክ ማሰሪያና የኖራ 350 ብር ነው። ደጋፊዎቻችንም የሚቀጥለው ሪፖርት ሲደርሳችሁ የፍሬውን ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ዜሮ ከሆነም ዜሮ ተብሎ።

በየቤታችሁ ያላበበ ዛፍ ያላችሁ አምስት እኅቶች ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ። በጥቅምት ቤት ለቤት ዞረን የትኛው ቅርንጫፍ ልጡ እንደሚነሣ አብረን እናያለን፤ በመጋቢት ቅጥያ ከመራዊ እናስመጣለን። እስከዚያ አናቱን አትቁረጡ። ስትመጡ የተሳለ ቢላና ንጹሕ ጨርቅ ያዙ፤ ዩሪያውን ግን ለበቆሎው ተዉለት።